ለውሻ ማገገሚያ ሕክምና ሥልጠና ከመክፈልዎ በፊት፦ አምስት ጥያቄዎችና አንድ ስሌት

ይህ ጋዜጣ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰንጋ፣ ስለ ፍየልና ስለ ቆዳ ዋጋ ይጽፋል። የዛሬው ትምህርት ግን ስለ ውሻ ነው። ከከብት ሕክምና ጎን ለጎን ሌላ ገቢ የሚፈልጉ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞችና ረዳት ባለሙያዎች ደጋግመው ከሚጠይቁኝ ነገሮች አንዱ «የውሻ ፊዚዮቴራፒ ሥልጠና ልውሰድ? ከወሰድኩስ የትኛውን?» የሚል ነው። ሥልጠናው ርካሽ አይደለም። ክፍያው በዶላር ነው፤ የተግባር ክፍሉ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ድረስ ያስኬዳል፤ አንድ ጀማሪ ሐኪም ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው የሙያ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የሒሳብም ጥያቄ ነው።

የዚህ ትምህርት ዋና ሐሳብ አንድ ነው። ሥልጠና የሚመረጠው በተቋሙ ዝና ሳይሆን አጠገብዎ ባሉት ውሾች፣ እጅዎ ላይ ባለው የሙያ ፈቃድና ለሕክምናው በሚከፍለው ሰው አቅም ነው። ሰርተፊኬት ደንበኛ አያመጣም፤ ያለውን ደንበኛ በተሻለ ለማገልገል ግን ይረዳል።

የማገገሚያ ሕክምና ምንድን ነው?

ውሻ ከቀዶ ሕክምና፣ ከአደጋ ወይም ከነርቭ ጉዳት በኋላ ቁስሉ ስለደረቀ ብቻ ዳነ አይባልም። ያልተጠቀመበት እግር ጡንቻው ይከሳል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ክብደቱን በሌሎቹ እግሮች ላይ ስለሚጥል ጤነኛው እግርም ይጎዳል። የማገገሚያ ሕክምና ይህን የሚያስተካክል ሥራ ነው። መገጣጠሚያን በእጅ ማንቀሳቀስ፣ ማሸት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅዝቃዜ ኋላ ላይ ሙቀት መጠቀም፣ ደረጃ በደረጃ የሚከብድ እንቅስቃሴ ማሠራት፣ ሕመምን መቆጣጠርና ክብደት ማስቀነስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሌዘር፣ ጡንቻን የሚያነቃቃ የኤሌክትሪክ መሣሪያና ውሃ ውስጥ የሚያራምድ ማሽንም አሉ።

በብዛት የሚያጋጥሙት ጉዳዮች የታወቁ ናቸው። በትልልቅ ዝርያዎች የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ፣ በጀርመን ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግርና የወገብ ነርቭ መጨናነቅ፣ እንደ ዳክስሁንድ ባሉ አጭር እግርና ረጅም ጀርባ ባላቸው ውሾች የዲስክ መንሸራተት፣ በሸመገሉ ውሾች ደግሞ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው።

ለምን ኢምባካሲ?

ምሳሌያችንን ከናይሮቢዋ ኢምባካሲ የወሰድነው በአንድ አካባቢ ሦስት ዓይነት ውሾች ስለሚገኙባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ተብሎ የተከፈተው የዛሬው ጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነው። የባቡር ደረቅ ወደቡም እዚያው ነው። በዙሪያቸው መጋዘኖች፣ ፋብሪካዎችና ብዙ ሕዝብ የሚኖርባቸው ሰፈሮች አሉ።

የመጀመሪያው ዓይነት አነፍናፊ ውሻ ነው። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት የዝሆን ጥርስና ሌሎች የተከለከሉ የዱር እንስሳት ውጤቶችን በሽታ የሚለዩ ውሾችን በአውሮፕላን ማረፊያው ያሠራል። ሁለተኛው የመጋዘንና የግቢ ጥበቃ ውሻ ነው። ሦስተኛው በቤተሰብ ቤት የሚኖር ውሻ ነው።

ለኢኮኖሚ ባለሙያ እነዚህ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ገበያዎች ናቸው፤ የሚከፍሉት ሰዎችና የሚከፍሉበት ምክንያት ይለያያልና። አነፍናፊ ውሻን ለማሠልጠን ብዙ ወራትና ብዙ ገንዘብ ይወጣል፤ ከአንድ ተቆጣጣሪ ጋር የተላመደ ውሻ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ባለቤቱ ተቋም ለማገገሚያ መክፈል ያዋጣዋል። ነገር ግን ውሾቹ ጥቂት ናቸው፤ ሥራውም በውል ወይም በጨረታ እንጂ በር አንኳኩቶ የሚገኝ አይደለም። የጥበቃ ውሾች ቁጥር ከፍ ይላል፤ ባለቤታቸው ግን ጥብቅ ስሌት ያሰላል። ሕክምናው ሌላ ውሻ ከመግዛትና ከማሠልጠን በላይ ካስወጣው አይከፍልም። የቤት ውሻ ባለቤት በፍቅር ይከፍላል፤ ውሻው መራመድ የጀመረ ሲመስለው ግን ብዙ ጊዜ ቀጠሮውን ያቋርጣል።

የትኛውን ገበያ እንደሚያገለግሉ ሳይወስኑ ሥልጠና መምረጥ፣ ምን እንደሚጭኑ ሳያውቁ መኪና እንደ መግዛት ነው።

ጥያቄ 1፦ ሰርተፊኬቱ በሕግ ምን ያስፈቅድልኛል?

በኬንያ የእንስሳት ሕክምና ሥራ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የእንስሳት ሐኪሞችና ረዳት ባለሙያዎች ሕግ ነው። መዝጋቢውና ተቆጣጣሪው የኬንያ የእንስሳት ሕክምና ቦርድ ነው። በቦርዱ ያልተመዘገበ ሰው ከውጭ የመጣ የማገገሚያ ሰርተፊኬት ስለያዘ ብቻ በሽታ መለየት ወይም መድኃኒት ማዘዝ አይችልም። ከቢሾፍቱ ወይም ከጎንደር ተመርቀው ናይሮቢ ለሚኖሩ ባለሙያዎችም ነገሩ ያው ነው፤ መጀመሪያ ምዝገባ፣ ቀጥሎ ሥልጠና።

የሌሎች አገሮች ልምድም ያስተምራል። በእንግሊዝ «ፊዚዮቴራፒስት» የሚለው ስም በሰው ሕክምና በሕግ የተጠበቀ ነው። «የእንስሳት ፊዚዮቴራፒስት» የሚለው ግን እንደዚያ አይጠበቅም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ደንብ መሠረት ሐኪም ያልሆነ ሰው ለእንስሳ ፊዚዮቴራፒ የሚሰጠው እንስሳውን የመረመረው ሐኪም ሲመራው ነው። ከዚህ የምንማረው በሰርተፊኬት ላይ የተጻፈ ማዕረግና ሕግ የሚያውቀው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ለቦርዱ በጽሑፍ ሁለት ነገር ይጠይቁ። ሥልጠናው ለፈቃድ እድሳት በሚያስፈልገው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይቆጠራል? እኔ ባለኝ የምዝገባ ደረጃስ የትኞቹን ሥራዎች ብቻዬን፣ የትኞቹን ደግሞ በሐኪም መሪነት መሥራት እችላለሁ? የቃል መልስ አይበቃም፤ በወረቀት ይያዙት።

ጥያቄ 2፦ ሥልጠናው የተዘጋጀው ለእኔ ደረጃ ነው?

በዓለም ላይ በስፋት ከሚታወቁት ሁለቱን እንመልከት። አንዱ በአሜሪካ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ሲ.ሲ.አር.ፒ. የተባለው ሰርተፊኬት ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2002 ዶክተር ጃኔት ቫን ዳይክ በፍሎሪዳ የመሠረቱት የውሻ ማገገሚያ ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ ለሐኪሞችና ለፊዚዮቴራፒስቶች ሲ.ሲ.አር.ቲ. የተባለውን፣ ለረዳቶች ደግሞ ሲ.ሲ.አር.ኤ. የተባለውን ለይቶ ይሰጣል። ልዩነቱ የፊደል ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መርምሮ የሕክምና ዕቅድ የሚያወጣ ሰውን ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ያንን ዕቅድ በተግባር የሚፈጽም ሰውን ነው።

ከእነዚህ በላይ ያለው ደግሞ ስፔሻሊስትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የእንስሳት ስፖርት ሕክምናና ማገገሚያ ራሱን የቻለ የስፔሻሊቲ ዘርፍ ሆኖ ዕውቅና አግኝቷል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ የዓመታት ሬዚደንሲና ከባድ ፈተና ነው። በሳምንታት የሚያልቅ ሥልጠና «ስፔሻሊስት ያደርግዎታል» ብሎ የሚያስተዋውቅ ካለ፣ ከዚያ ቦታ ይራቁ።

በካቤቴ ከሚገኘው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተመረቀ ሐኪም የሐኪሙን ደረጃ ቢመርጥ ተገቢ ነው። እዚያው ካቤቴ ካለው የእንስሳት ጤና ማሠልጠኛ በዲፕሎማ የወጣ ባለሙያ ግን የረዳቱን ደረጃ ወስዶ ከአንድ ሐኪም ጋር ቢጣመር ይሻለዋል። ያልተፈቀደለትን ደረጃ በብዙ ገንዘብ ቢገዛ የሚሠራበት ቦታ አያገኝም። ብዙ ጊዜም ትክክለኛው አካሄድ ክሊኒኩ ሐኪሙን አጭር ኮርስ፣ ረዳቱን ሙሉ የተግባር ሥልጠና ማስወሰዱ ነው። በየቀኑ ከውሻው ጋር ወለል ላይ የሚቀመጠው ረዳቱ ነውና።

ጥያቄ 3፦ እጄ ውሻ ላይ የሚያርፈው ስንት ሰዓት ነው?

የአካል አወቃቀርን፣ የሕመም ዓይነቶችንና የጡንቻን አሠራር በኢንተርኔት መማር ይቻላል። ገንዘብም ይቆጥባል። የእጅ ሥራ ግን በቪዲዮ አይለመድም። ጉልበት እስከ ምን ድረስ እንደሚታጠፍ፣ ውሻው የሚያምጸው በሕመም ይሁን በፍርሃት፣ የተሰፋው ቦታ ምን ያህል ጫና እንደሚችል የሚታወቀው አዋቂ ሰው አጠገብ ሆኖ ሲያርም ነው።

ስለዚህ የሥልጠናውን ማስታወቂያ ሲያነቡ ጠቅላላ ሰዓቱን ይተዉትና እነዚህን ይፈልጉ፦ ከሕያው ውሻ ጋር የሚሠራው ስንት ሰዓት ነው? በአንድ አሠልጣኝ ስንት ሠልጣኝ ይመደባል? ከኮርሱ በኋላ በሚሠራ ክሊኒክ ውስጥ የተግባር ልምምድ ግዴታ ነው? ሠልጣኙ የራሱን ሕሙማን ጉዳይ ጽፎ ያቀርባል? ፈተናው የጽሑፍ ብቻ ነው ወይስ የተግባርም? ለእነዚህ ግልጽ ቁጥር የማይሰጥ ሥልጠና የሚሸጠው ወረቀት ነው።

ሥልጠናው መለካትን ማስተማሩንም ያረጋግጡ። የጭን ዙሪያን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ በሜትር መለካት፣ የመገጣጠሚያን መታጠፍ በማዕዘን መለኪያ ማንበብ፣ አረማመድን በስልክ ቀርጾ ከሳምንት ሳምንት ማወዳደር፣ ሕመምን በነጥብ መመዝገብ። ይህ ሁሉ ርካሽ ነው። የጥበቃ ድርጅት ኃላፊ «ውሻዬ ተሽሎታል ወይ?» ሲል በቁጥር የሚመልስ ባለሙያ ነው ቀጣዩን ቀጠሮ የሚያገኘው።

ደኅንነትም አይረሳ። የታመመ እግር የሚነካበት ውሻ ይናከሳል። ኬንያ በውሻ አማካይነት የሚመጣውን የሰው እብድ ውሻ በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት ብሔራዊ ዕቅድ ይዛ እየሠራች ነው፤ ይህም በሽታው ዛሬም እንዳለ ያስታውሰናል። አፍ መሸበቢያ አጠቃቀምን፣ የውሻን የፍርሃት ምልክት ማንበብንና የባለሙያውን የመከላከያ ክትባት በመጀመሪያው ቀን የማያነሳ ሥልጠና ጎደሎ ነው።

ጥያቄ 4፦ የተማርኩበት መሣሪያ እኔ ጋ ይኖራል?

የማገገሚያ ማዕከላት ማስታወቂያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ውሃ ውስጥ የሚራመድ ውሻ ነው። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ውሃው የሰውነት ክብደትን ስለሚሸከም የታመመ መገጣጠሚያ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ ብዙ መቶ ሊትር ንጹሕ የሞቀ ውሃና የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል። ናይሮቢ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ የኖረ ሰው፣ በቦቴ እየገዛ ማሽኑን ማሠራት ምን እንደሚያስወጣ ለመገመት አይቸገርም። ገበያውን ሳያውቁ በብድር መግዛት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

መልካሙ ዜና ብዙው ሥራ ያለ ማሽን የሚሠራ መሆኑ ነው። የመስቀለኛ ጅማት ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ውሻ እንውሰድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፎጣ የተጠቀለለ በረዶና ቀስ ያለ የእጅ እንቅስቃሴ፤ ቀጥሎ በአጭር ማሰሪያ ደቂቃው እየተቆጠረ የሚደረግ ዝግ ያለ እርምጃ፤ ከዚያ መቀመጥና መነሣት፤ አጥንቱ ሲጠነክር ደግሞ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው የተደረደሩ የፕላስቲክ ቱቦዎችን መሻገር፣ ዳገት መውጣትና አሸዋ ላይ መራመድ። ጊዜው እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ቢለያይም ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። ያለ ዕቅድ ቶሎ ማሯሯጥ የተጠገነውን ያፈርሳል፤ ጨርሶ ማሰርም ጡንቻውን ይጨርሰዋል። ባለሙያው የሚከፈለው በሁለቱ መካከል ያለውን መጠን ስለሚያውቅ ነው።

ከሁሉም የሚረክሰው ደግሞ ክብደት መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 48 ላብራዶር ውሾች ዕድሜ ልካቸውን ተከታትለዋል። ከጥንድ እህት ወንድሞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው ውሾች አማካይ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን፣ የሌሎቹ 11.2 ዓመት ነበር። የመገጣጠሚያ ብግነትም ዘግይቶ ነው የመጣባቸው። አንድ ሥልጠና ስለ ሌዘር ሁለት ቀን፣ ስለ አመጋገብ ግማሽ ሰዓት የሚያስተምር ከሆነ ለእኛ አካባቢ አልተዘጋጀም ማለት ነው።

ጥያቄ 5፦ ወጪዬን በስንት ውሻ እመልሳለሁ?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እርስዎ የራስዎን ይተኩባቸው። የሥልጠና ክፍያ፣ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ማረፊያ፣ በሌሉበት ጊዜ የሚቀርብዎት ገቢና ቀላል መሣሪያዎች ተደምረው 900,000 የኬንያ ሽልንግ ሆኑ እንበል። ከአንድ ቀጠሮ የረዳት ክፍያና ትራንስፖርት ተቀንሶ 1,500 ሽልንግ ይተርፍዎታል። 900,000 ለ1,500 ሲካፈል 600 ቀጠሮ ይሆናል። አንድ ውሻ በአማካይ 8 ጊዜ ቢመጣ 75 ውሾች ያስፈልግዎታል። በሦስት ዓመት ለመመለስ ካሰቡ በዓመት 25 ውሻ፣ ማለትም በወር ሁለት ገደማ ነው። ይህ የሚቻል ነው።

አሁን ከአንድ ቀጠሮ የሚተርፈው 800 ሽልንግ ብቻ ቢሆንስ? 1,125 ቀጠሮ፣ ወይም 141 ውሾች ያስፈልጋሉ። ትርፉን በ1,500 አቆይተን 2,000,000 ሽልንግ የሚያወጣ ማሽን ብንጨምርስ? ወጪው 2,900,000፣ የሚያስፈልጉት ውሾች 242 ይሆናሉ፤ በዓመት ከ80 በላይ ማለት ነው። የሥልጠናው ስም በሦስቱም ስሌት አንድ ነው። ውጤቱን የለወጡት የቀጠሮው ትርፍና የመሣሪያው ዋጋ ናቸው።

የምንዛሪ ለውጥም በስሌቱ ይግባ። ክፍያው 3,000 ዶላር ነው እንበል። በ2024 መጀመሪያ አንድ ዶላር ወደ 160 የኬንያ ሽልንግ ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወደ 130 ገደማ ወረደ። ያው ሥልጠና ከ480,000 ወደ 390,000 ሽልንግ ዝቅ አለ ማለት ነው። በኢትዮጵያ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። 171,000 ብር የነበረው ክፍያ ከ300,000 በላይ ሆነ። በክፍል በክፍል የሚከፈልና አንዱን ክፍል ጨርሶ ለማቆም የሚፈቅድ ሥልጠና፣ ሁሉንም በአንዴ ከሚያስከፍለው የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ለአንባቢ የቤት ሥራ

ከመመዝገብዎ በፊት አራት ሳምንት ይውሰዱ፤ አንድ ደብተርም ይግዙ።

በመጀመሪያው ሳምንት በሚሠሩበት ወይም በሚያውቁት ክሊኒክ ያለፉትን 12 ወራት መዝገብ ይቁጠሩ። ስንት ውሻ በአንካሳነት፣ በስብራት፣ በጅማትና በጀርባ ችግር መጣ? ስንቱስ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለክትትል ተመለሰ?

በሁለተኛው ሳምንት ውሻ ያላቸው ሦስት ድርጅቶችን ያነጋግሩ። አንድ ውሻ ከሥራ ሲወጣ በቀን ምን ያህል እንደሚያጡና ሌላ ለመተካት ምን እንደሚያወጡ ይጠይቁ። ለማገገሚያ ሊከፍሉ የሚችሉት የመጨረሻ ዋጋ ከዚህ ይገኛል።

በሦስተኛው ሳምንት የአጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞችን ያነጋግሩ። ሕሙማኑ የሚመጡልዎት በእነሱ በኩል ነው። በወር አንድ ውሻ የሚልክ ሐኪም ካላገኙ፣ ችግሩ ሥልጠና የሚፈታው ዓይነት አይደለም።

በአራተኛው ሳምንት ስሌቱን በራስዎ ቁጥር ይሥሩ። የሚያስፈልግዎት የውሻ ቁጥር መዝገብ ላይ ካገኙት ከሦስተኛው እጅ ካልበለጠ፣ ለሥልጠናው ይመዝገቡ፤ ሁሉም ባለቤት እሺ እንደማይል አስቀድሞ ተቆጥሯልና። ከግማሽ ከበለጠ በኢንተርኔት የሚሰጠውን መሠረታዊ ክፍል ብቻ ወስደው ሜትርና የማዕዘን መለኪያ ገዝተው በያዙት ክሊኒክ ይጀምሩ፤ በዓመቱ መልሰው ይቁጠሩ። በመካከል ከሆነ ከሌላ ክሊኒክ ጋር ወጪውን ተካፍላችሁ አንድ ሰው ላኩ።

ስሌቱ ለአዲስ አበባ፣ ለቢሾፍቱም ሆነ ለባሕር ዳር ይሠራል፤ የሚለወጡት ቁጥሮቹ ናቸው። ቢሾፍቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያፈራቸው ባለሙያዎች ላምና በግ ሲያክሙ የተማሩት አንድ ነገር እዚህም ያገለግላል፦ የሕክምናውን ዋጋ ከእንስሳው ጥቅም ጋር ማመዛዘን። በውሻ ላይ የሚጨመረው ጥቅሙ በኪሎ የማይመዘን መሆኑ ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛው ሌሊቱን አብሮት የሚያድረው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በር ላይ የሚቀበላቸው ውሻ ነው። ለዚያ ውሻ የሚጠቅመው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ሳይሆን፣ መጠኑን የሚያውቅ እጅና እስከ መጨረሻው ቀጠሮ የሚቆይ ባለሙያ ነው።